ሃምሳ አንድ ኪሎ

ሲስተር አመተሥላሴ ፖስታውን ስትከፍት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር። ፖስታውን ያመጣላት የሚኒባስ ሹፌሩ አወቀ ነው። ትናንት አመሻሽ ከደብረ ብርሃን ይዞት መጥቶ አድሮ፣ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ሲወርድ በክሊኒኩ በር በኩል አለፈና በመስኮት አቀበላት።

ክሊኒኩ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር መሐል ሜዳ ላይ የከፈተው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የካንሰር ሕመምተኞች ኬሞ የሚወስዱት ደብረ ብርሃን ቢሆንም፣ ከግሼና ከመንዝ ገጠር የሚመጣው ሰው በከንቱ እንዳይመላለስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ እዚህ ይመዘናል፤ ደሙም እዚሁ ይቀዳል። አመተሥላሴ የሰውየውን ክብደት ጽፋ በስልክ ታሳውቃለች፤ ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም፣ ዶክተር ሙሉቀን፣ መድኃኒቱን በዚያ ልክ ያዝዛል።

በፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት የዶክተር ሙሉቀን ጥናት ውጤት ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ጥናቱን ሲጀምር ለአመተሥላሴ እንዲህ ብሎ አስረድቷት ነበር፦ "ስብ ሲባል ሰው የሚመስለው ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ ነው። ስብ ግን ይናገራል። ሆርሞን ወደ ደም ይልካል፤ 'ስንቅ አለ' ወይም 'ስንቅ አለቀ' እያለ ለአንጎል ያስታውቃል። ይህ መልእክት የቀነሰበት ሕመምተኛ ዕድሜው ያጥራል ወይስ አያጥርም፣ እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።" እሷ ደሙን ትቀዳለች፣ በየጊዜው እየተጠራቀመ አዲስ አበባ ይላካል፤ ውጤቱ ሲመጣ ከክብደቱ ጎን በመዝገብ ታሰፍረዋለች። ጥናቱ እስኪያልቅ ውጤቱን የምታየው እሷ ብቻ ናት።

አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። እስከ ስድስተኛው ድረስ ስትጽፍ ምንም አልገረማትም። የከሳው ሰው ሆርሞኑም ወርዷል፤ ያልከሳው አልወረደበትም። ሰባተኛው ላይ እጇ ቆመ።

ሰባተኛው ሰው መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው። በግሼ የዜማ መምህር ናቸው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በኅዳር ወር ከደንዳኔ አንጀታቸው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው፣ በሽታው እንዳይመለስ ኬሞ ጀምረዋል። በመዝገቡ ላይ ክብደታቸው በጥር ሃምሳ ሁለት፣ ጾሙ ሊገባ ሲል ሃምሳ አንድ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ሃምሳ አንድ ይላል። ትናንትም መዝና የጻፈችው ሃምሳ አንድ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት ግን ሌላ ይላል፦ የስቡ ሆርሞን መጠን በጥር አራት ነጥብ ስድስት፤ ጾሙ ሊገባ ሲል ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ዜሮ ነጥብ አምስት።

"ደሙ ተቀያይሮ ነው" አለች ለራሷ። ብልቃጡ ላይ ቁጥሩን የጻፈችው ግን እሷው ናት፤ ቀኑም ስሙም ይገጥማል። ወንበሯ ላይ ተደግፋ ትናንትን ለማስታወስ ሞከረች።

መሪጌታ ትናንት ሲመጡ በርኖሳቸውን ለባለቤታቸው ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው አስቀምጠው ነበር። ወገባቸው ላይ ግን ወፍራም ድግ ተጠምጥሟል። ደንቡ ታካሚ በስስ ልብስ ብቻ ይመዘን ይላል። እሷ የተለመደው ሰው ቢሆን "ይፍቱት" ትል ነበር። የኔታ እየተባለ የሚጠራ፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚሳለመው መምህር ፊት ቆማ "ትጥቅዎን ይፍቱ" ማለት ግን አሳፈራት። ዝም አለች። ከሚዛኑ ሲወርዱ ከወገባቸው አካባቢ ብረት ከብረት የተነካካ የመሰለ ድምፅ ሰምታለች። የዕቃ ቤት ቁልፍ ይሆናል ብላ አለፈችው። ደሙን ልትቀዳ እጅጌያቸውን ስትሰበስብ ክንዳቸው ምን ያህል ቀጥኖ እንደነበርም አሁን ታወሳት። ያኔ አይታው ነበር። አይታው፣ ሚዛኑ ሃምሳ አንድ ስላለ፣ ዓይኗን ትታ ሚዛኑን አመነች።

ድንገት ከወንበሯ ተነሣች። መሪጌታ ዛሬ ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደዋል። መድኃኒቱ የታዘዘው ሃምሳ አንድ ኪሎ ለሚመዝን፣ አቅሙ ላልወረደ ሰው ነው። ስንቁ ያለቀ አካል ያንን ከወሰደ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። አምና አንዲት የሞላሌ ሴት ከኬሞ በኋላ ትኩሳት ይዟት በአራተኛው ቀን ሞታለች።

ስልኳን አነሳች። ኔትወርክ የለም። ትናንት ክብደቱን ስታስተላልፍ ይሠራ ነበር፤ ሌሊቱን ተቋርጧል። ጎረቤት ያለውን የእህል ነጋዴ ጠየቀች። "ከተማው ሁሉ ነው የጠፋው፣ ሲስተር፤ መቼ እንደሚመለስ እንጃ" አላት።

ለአንድ አፍታ ደጃፉ ላይ ቆማ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ስልኩ የተቋረጠው በእሷ ጥፋት አይደለም። ወረቀቱን ነገ አየሁት ብትል ማንም አይጠይቃትም። ከተናገረች ግን በመጀመሪያ የምትጠየቀው "ድጉን ሳታስፈቺ ለምን መዘንሽ?" ተብላ ነው። ሐሳቡ በመምጣቱ ብቻ ፊቷ ጋለ። መዝገቡን በብብቷ አድርጋ በሩን ቆለፈች።

የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋአለም ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከባላቸው ጋር አልሄዱም፤ ገበያው አጠገብ ዘመድ ቤት ሆነው እንደሚጠብቁ ትናንት ነግረዋት ነበር። መናኸሪያ ለመሄድ በዚያው ማለፍ አለባት። ስትደርስ ወይዘሮ ሸዋአለም ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"እትዬ ሸዋአለም፣ የኔታ ትናንት ወገባቸው ላይ የታጠቁት ምን ነበር?"

ሴትየዋ ቀና ብለው አዩአት። ቀለማቸው ተለዋወጠ እንጂ "ምኑን?" ብለው አልጠየቁም። ሰፌዱን መሬት አስቀመጡና ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ጆንያ ይዘው ወጡ። ከጆንያው ውስጥ ሁለት ማረሻ አወጡ። ጫፋቸው ተበልቶ ያለቀ፣ ከሞፈር ላይ የወረዱ አሮጌ ማረሻዎች ናቸው፤ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

"እኔ ነኝ ያስታጠቅኋቸው" አሉ። "ከወቀስሽ እኔን ውቀሺ።"

"ለምን?"

"ያ ሐኪም ባለፈው ምን አለ? 'ከአርባ ስምንት ኪሎ በታች ከወረዱ መድኃኒቱን እናቆማለን' አላለም? እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። መድኃኒቱ ከቆመማ ሞቱ አይደል? መጀመሪያ አንዱን አደረግሁ። ትናንት አንዱ እንደማይበቃ ሳየው ሁለት አደረግሁ። ጠበልም በደንብ ጠጥተው ነው የመጡ።"

"እንቁላሉንና ወተቱን ይወስዳሉ ብለውኝ አልነበረም?"

"ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እንኳን ወተት፣ ጠዋት ውኃም አይቀምሱ። ማታ ቅዳሴ ወጥተው ጥሬ ቢጤ ቆርጥመው ነው የሚተኙ። ሆዳቸው የተቀደደ ለታ ተስለዋል። 'አውጥተኸኝ ከተነሣሁ ጾም አላፈርስም' ብለው ለሚካኤል ቃል ገብተዋል። እኔ ለምኜ ለምኜ አቃተኝ፣ ልጄ። ጾሙን ማስፈታት ሲያቅተኝ ሚዛኑን ላታልል አልሁ።" አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ምን ሆነ? ንገሪኝ።"

"መድኃኒቱ የተሰናዳው ለሃምሳ አንድ ኪሎ ሰው ነው። እሳቸው ያን ያህል አይደሉም። መድኃኒቱ ራሱ ሊጥላቸው ይችላል።"

ወይዘሮ ሸዋአለም አልጮሁም። ማረሻዎቹን መልሰው ጆንያው ውስጥ ከተቱና ጆንያውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። "እኔም እሄዳለሁ" አሉ።

የአወቀ ሚኒባስ ሦስት ሰው ጎድሎት ቆሞ ነበር። አመተሥላሴ በመስኮቱ በኩል ነገሩን ባጭሩ ነገረችው። አወቀ ወደ ኋላ ዞሮ፣ "ሰው ታሞ ነው፤ ሳይሞላ ልንሄድ ነው፤ በመንገድ እንጭናለን" አለ። ማንም አልተቃወመም። ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ከአርባ ነበር። መሪጌታ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ካርድ ያወጣሉ፣ የማቅለሽለሹ መከላከያ ቀድሞ ይሰጣቸዋል፤ ዋናው መድኃኒት ሰባት ሰዓት ገደማ ይሰቀላል። መንገዱ ደኅና ከሆነ ይደርሳሉ።

እስከ ሞላሌ ደኅና ነበር። ወይዘሮ ሸዋአለም ጆንያውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። አመተሥላሴ ስልኳን በየአምስት ደቂቃው ታያለች። ከሞላሌ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ አወቀ ፍሬን ያዘ። ፊት ለፊታቸው ገብስ የጫነ አይሱዙ ኩርባው ላይ ተንሸራቶ መንገዱን አግድም ዘግቶታል። በወዲያም በወዲህም መኪና ተሰልፏል። ሰዎች ጆንያ እያወረዱ ነው።

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብላ ጠየቀች።

"ጆንያው ካልወረደ አይነሣም" አለ አንዱ። "ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።"

አወቀ ወርዶ በአይሱዙው ጎን አጮልቆ ተመለሰ። "በወዲያ በኩል አንድ ከደብረ ብርሃን የመጣ ሚኒባስ አለ። ሰዎቹ ወደዚህ ሊሻገሩ ነው፤ እናንተ ወደዚያ ተሻገሩ። ሹፌሩን አውቀዋለሁ፤ ይመልሳችኋል።"

በአይሱዙውና በገደሉ መካከል የነበረው መተላለፊያ አንድ ሰው በጎኑ የሚያሳልፍ ነው። አመተሥላሴ ቀድማ ተሻግራ እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ ሸዋአለም ጆንያውን ይዘው፣ የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ ወደ ታች ሳያዩ ተሻገሩ። "ጆንያውን ይተዉት" ብትላቸውም "ማስረጃው ነው" ብለው እምቢ አሉ። ያኛው ሹፌር ተሳፋሪዎች ዕቃቸውን እስኪሸከሙ ድረስ አልተነሣም። ሲነሡ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጡሩንባ እየነፋ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚነዳው። አስፋልቱ ላይ እንደወጡ ስልኳ ድምፅ ሰጠ። ኔትወርክ መጥቷል። ዶክተር ሙሉቀን ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ደግማ ደወለች። ታካሚዎች ክፍል ሲገባ ስልኩን ቢሮ እንደሚተው ታውቃለች። የሆስፒታሉን ቁጥር ሞከረች፤ ተይዟል። መልእክት ጻፈች፦ "የ7 ቁጥር ክብደት ትክክል አይደለም። ስህተቱ የእኔ ነው። መድኃኒቱን አትጀምሩ።" አውራ ጣቷ መላኪያው ላይ ትንሽ ዘገየ። "ስህተቱ የእኔ ነው" የሚለውን ልታጠፋው ትችል ነበር። አላጠፋችውም። ላከችው። ማንም ሳያነበው ቀረ።

ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ሰባት ተኩል ሊሆን ነበር። አመተሥላሴ ወይዘሮ ሸዋአለምን ከኋላ ትታ ደረጃውን ሮጠች። የኬሞ ክፍሉ ረጅም ነው፤ ስድስት ወንበር፣ ስድስት ሰው። መሪጌታ መርስዔ ኃዘን በመስኮቱ በኩል ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በግራ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ዜማ እየመቱ ተቀምጠዋል። በቀኝ ክንዳቸው መድኃኒቱ ይወርዳል።

ተረኛዋ ነርስ "ቆይ፣ ማን ነሽ?" እያለች ስትከተላት አመተሥላሴ ደርሳ የመድኃኒቱን ቱቦ መዝጊያ ዘጋችው። ጠብታው ቆመ።

"መቼ ነው የተጀመረው?"

"ሩብ ሰዓት አይሆነውም። አንቺ ማነሽና ነው የምትዘጊው?"

"ከመሐል ሜዳ ነኝ። የመዘንኳቸው እኔ ነኝ። ክብደታቸው ውሸት ነው። ዶክተርን ጥሪልኝ፣ በእግዚአብሔር።"

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። እሷን ሲያዩ ገባቸው።

ዶክተር ሙሉቀን ሲመጣ ሁሉንም እዚያው ቆማ ነገረችው፤ ወረቀቱን፣ ድጉን፣ ማረሻውን። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምታው አታውቅም። ዛሬም ከፍ አላደረገም። "በልብስ ነው የመዘንሻቸው?" ብሎ ብቻ ጠየቃት።

"አዎ።"

"ሁለት ጊዜ?"

"ሁለቴም።"

ራሱ ሚዛን አስመጣ። መሪጌታ በሆስፒታሉ ስስ ልብስ ሆነው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡበት። ትከሻቸው እንደ መስቀያ ሆኗል፤ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። አርባ አራት ኪሎ። በዚሁ መካከል ወይዘሮ ሸዋአለም በሩ ላይ ደርሰው ነበር፤ ጆንያውን ወለሉ ላይ ሲያስቀምጡት ብረቱ ተንኳኳ።

ዶክተሩ ከመሪጌታ ፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። "የኔታ፣ አሁን የወረደው ጥቂት ነው። ሙሉውን ወስደው ቢሆን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ልንገርዎ?"

"ግድ የለም፣ አትንገረኝ" አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ይልቅ ጠንካራ ነበር። "እኔ ሕይወቴን ለጌታዬ ሰጥቻለሁ። መድኃኒቱን ብትተውትም አልቀየምም። ጾሜን ግን አልሽርም። ተስያለሁ።"

አመተሥላሴ መናገር የሷ ቦታ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን አፏን መያዝ አልቻለችም። "የኔታ፣ ጾመኛ ከሆኑ ታዲያ ለምን ብረት ታጥቀው ሚዛን ላይ ወጡ?"

"እኔ ያልሁት ነገር የለም። ዝም ነው ያልሁት።"

"እኔም ዝም ነው ያልሁት" አለች። እንባዋ መጣ። "ድጉን ይፍቱ ማለት ነበረብኝ፣ አፍሬ ዝም አልሁ። ሁለታችን ዝም ብለን ሊሞቱብኝ ነበር።"

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ የተመለከቱት ዶክተሩንም እሷንም አልነበረም፤ በሩ ላይ የቆሙትን ባለቤታቸውን ነበር። "ሸዋአለም፣ በእኔ ምክንያት ነው ሐሰት ውስጥ የገባሽ" አሉ። "ይህን አላየሁትም። እግዚአብሔርን ያታለልሁ አልመሰለኝም ነበር።"

በዚያ ቀን ግን ምንም አልቀመሱም። አልጋ ተሰጥቷቸው ቀሩ፤ አመተሥላሴም ለዶክተሩ የሆነውን በጽሑፍ እስክትሰጥ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን የፈሩት መጣ፤ ትኩሳታቸው ሠላሳ ዘጠኝ ገባ። ያ ሩብ ሰዓት የወረደው መድኃኒት ይሁን ወይስ ድካሙ ብቻ፣ ዶክተሩም መለየት አልቻለም። አንቲባዮቲክ በደም ሥራቸው ተጀመረ። ወይዘሮ ሸዋአለም አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አልለቀቁም። በአራተኛው ቀን መሪጌታ አያውቋቸውም ነበር፤ በሰመመን ውስጥ ሆነው ተማሪ ያርማሉ። "እንዲያ አይደለም፣ መልሰው፣ መልሰው" ይላሉ።

አመተሥላሴ በኮሪደሩ ወጥታ የመሪጌታን የነፍስ አባት ቁጥር ከወይዘሮ ሸዋአለም ተቀብላ ደወለች። አባ ሀብተ ማርያም ይባላሉ፤ በዚያው በግሼ ደብር የሚያገለግሉ አዛውንት ቄስ ናቸው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሲሰሙ ቆዩና፣ "ስእለቱን ለእኔ አልነገረኝም" አሉ። "ብነግራቸው ይፈቱብኛል ብሎ ነዋ! ይኸ መሪጌታ! ሲነቃ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ።"

ትኩሳቱ በአምስተኛው ቀን ማለዳ ላላ። መሪጌታ ውኃ ጠየቁ። አመተሥላሴ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ያዘችላቸው፤ የአባ ሀብተ ማርያም ድምፅ ለክፍሉ ሁሉ ይሰማ ነበር።

"መርስዔ ኃዘን! የታመመ ሰው ጾም እንደሌለበት ለስንቱ አስተምረሃል?"

"አስተምሬአለሁ፣ አባቴ።"

"ለሌላው የሚሠራው ሕግ ላንተ የማይሠራ፣ አንተ ከማን በልጠህ ነው? ትዕቢት ይሉሃል ይኸ። ከስእለቱ በተሰጠኝ ሥልጣን ፈትቼሃለሁ። ሐኪሙ ያዘዘህን ብላ። ንስሐህ እሱ ነው፤ መብላት ነው ንስሐህ።"

መሪጌታ "ይፍቱኝ፣ አባቴ" አሉ። ወይዘሮ ሸዋአለም የሞቀ ወተት በኩባያ አመጡላቸው። የሕማማት ሳምንት ሊገባ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲውጡ ፊታቸው እሬት እንደቀመሰ ሰው ተጨማደደ። ሁለተኛውን ዋጡ። ሦስተኛው ላይ አለቀሱ፤ እያለቀሱም ጨረሱት።

ከዚያ በኋላ ያለው በዝግታ የሆነ ነው። መድኃኒቱ አምስት ሳምንት ተቋረጠ። ክብደታቸው አርባ ስምንት ሲሞላ፣ መጠኑ ተቀንሶ እንደገና ተጀመረ። አመተሥላሴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ከጥናቱም ወጥታ ቁስል ማሸጊያ ክፍል ተመደበች። ዶክተር ሙሉቀን ደብዳቤውን ሲሰጣት "ሳትነግሪኝ መቅረት ትችይ ነበር፤ እሱንም ጽፌበታለሁ" አላት። ደብዳቤውን ግን አልቀደደላትም፤ እሷም እንዲቀድድላት አልጠበቀችም።

ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሲያጉረመርም፣ መሪጌታና ባለቤታቸው ወደ ክሊኒኩ መጡ። እሷን ለማየት ነው የመጡት። መሪጌታ ጉንጫቸው ትንሽ ሞልቷል፤ ሲቀመጡም እንደ በፊቱ ግድግዳ አልያዙም።

"ሐኪሙ ምን አለዎት?" ብላ ጠየቀች።

"ሆዴን ባነሡበት ሥዕል ላይ የታየ ነገር የለም አለ። 'ድኛለሁ ወይ?' ብዬ ብጠይቀው 'ሁለት ዓመት ይጠብቁኝ' አለኝ። ሆስፒታል ሳለሁ ያጫወትሽኝን፣ ያን ስብ ያወራል የሚባለውን ነገርም ጠየቅሁት። 'ያወራል፤ ግን ስለ ዕድሜዎ ምን እንዳለ ገና አልገባንም' አለኝ። ደስ አለኝ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ጥሩ ሰው ነው።"

"የሰኔ ጾም ገብቷል" አለች አመተሥላሴ በጥንቃቄ። "እንዴት እያደረጉ ነው?"

ወይዘሮ ሸዋአለም ወደ ባላቸው አዩ፤ መልሱን ለእሳቸው ተዉላቸው።

"እበላለሁ" አሉ መሪጌታ። "ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ወተት። ይከብደኛል፤ አልዋሽሽም። ተማሪዎቼ በዙሪያዬ ተቀምጠው ጦማቸውን ሆነው ሲያዜሙ፣ እኔ መካከላቸው ሆኜ ነው የምጎርስ።"

"ጓዳ ገብተው ቢበሉስ?"

"ለምን?" አሉ መሪጌታ። "አንድ ቀን ከእነሱም አንዱ ይታመም ይሆናል። መምህራቸው ታሞ ሲበላ ያየ ልጅ፣ የሱ ተራ ሲደርስ አያፍርም።"

ውጭ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮውን መታ። ወይዘሮ ሸዋአለም ተነሥተው "አውቶቡሱ ያመልጠናል" አሉ። አመተሥላሴ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። ጎን ለጎን፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዳቸው የሌላውን ክርን ይዘው ወደ መናኸሪያው ወረዱ።